የአሥራ አራቱ ቀን ዝናብ

ጸልዩለት ብዬ ሰው ከቤቱ አስወጥቻለሁ። ይህን ለመናገር ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ክፉ አስቤ ቢሆን ኖሮ ንስሐ ገብቼ እገላገለው ነበር። እኔ ግን ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ ነው፤ ጥሩ ልጅ የመሆን ደስታ። ዛሬም የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2012 ክረምት ነው። ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤት የተዘጋበት፣ ሐይቁ ደግሞ ሞልቶ ሞልቶ አጥራችን ሥር የደረሰበት ክረምት። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ የሞተው ገና በሕፃንነቴ ስለሆነ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በተወልን ግቢ ውስጥ ከእናቴ ጋር ሁለታችን ነበርን። ከፊት ለፊት ቤታችን አለ፤ ከጓሮ ከቤቱ ጋር የተያያዘች አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለች። ሰርቪሷ ውስጥ ጋሽ ፋሲል ተከራይቶ ይኖር ነበር።

ጋሽ ፋሲል የደብረ ታቦር ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ቴክኒሻን ሆኖ ነበር የሚሠራው፤ ሥራው ዝናብ መለካት ነው። እናቴ መጀመሪያ ስትሰማ "ለዚህም ደመወዝ አለው?" ብላ ነበር አሉ። ረጅም፣ ከሲታ፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ ያሰረ፣ ሲናገር ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ግቢያችን መሃል አንድ የእንጨት ምሰሶ ተክሎ፣ በላዩ አፉ ሰፋ ያለ ክብ የቆርቆሮ ዕቃ አስሮ ነበር። የዝናብ መለኪያው እሱ ነው። የዩኒቨርሲቲው መለኪያ ከከተማው ወዲያ ስለሆነ፣ ሐይቁ አጠገብ የሚዘንበውን ለብቻው የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል ተብሎ፣ ያ ሰው እሱ ሆነ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔ የምይዘው የምጨብጠው አጣሁ። እሱም ቤት ዋለ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲል ከክፍሉ ይወጣል፤ ሰዓቱን ያያል፤ ቆርቆሮው ውስጥ ያደረውን ውሃ መስመር ወደ ተሠመረበት ቀጭን ብርጭቆ ይገለብጣል። መጀመሪያ ከሩቅ ቆሜ አይ ነበር። አንድ ቀን ዞር ሳይል "ነይ፣ አንብቢው" አለኝ።

ብርጭቆውን ወደ ፊቴ ከፍ አደረግኩት።

"እሱን አታንሺው። ዓይንሽን ነው የምታወርጂው።"

ተንበረከክኩ። ውሃው ዳርና ዳሩ ከፍ፣ መሃሉ ዝቅ ብሎ ይታያል። መሃሉን አንብቢ አለኝ። "አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት" አልኩት።

"ጎበዝ" አለ፣ ትልቁ ሰማያዊ መዝገቡ ላይም ጻፈው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ያችን "ጎበዝ" ለመቀበል ምሰሶው ሥር እገኝ ነበር። ብዙ አያስተምርም፤ ያስተማረኝ ግን አንድም አልጠፋኝም። ምሰሶው ከቦታው መነሳት የለበትም፤ ዐሥር እርምጃ እንኳ ከተነሳ መዝገቡ ሌላ መዝገብ ነው። አንድ ቀን ከተዘለለ ተዘለለ ነው። "ያላየሽውን አትጻፊ" ይለኝ ነበር። "ካመለጠሽ ሰረዝ አድርጊና እለፊው። ባዶ ቦታ ነውር የለውም።" የእሱ መዝገብ ግን ሰረዝ አልነበረበትም። ዘጠኝ ዓመት ከሁለት ወር፣ አንድም ቀን ሳይዘለል። ለገና አገሩ የማይሄደው፣ ለእናቱ ተዝካር እንኳ ሳይሄድ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። አሥር ዓመት ሲሞላ ሐይቁ ለምን እንደሚሞላ የሚያጠኑት መምህራን ይወስዱታል፤ "አሥር ወር ቀረኝ" አለኝ አንዴ፣ እንደ እስረኛ ጣቶቹን እየቆጠረ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ጠዋት የዝናብ ቁጥር፣ ማታ የኮሮና ቁጥር እንሰማ ነበር። ቴሌቪዥኑ በየቀኑ የተመረመረውን፣ የተያዘውን፣ የሞተውን ይነግረናል። ምልክቶቹን በቃሌ ይዤአቸው ነበር፤ ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር። ሐምሌ ሲገባ ጋሽ ፋሲል ማሳል ጀመረ። ክፍሉ ከእኔ መኝታ ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የሚገናኘው። ንጋት ላይ ሳሉ ሲጀምረው እነቃለሁ። ይታፈናል፣ ከዚያ ይመለሳል፣ ከዚያ ውሃ ሲቀዳ ይሰማኛል። ጠዋት ግን ሳል የሚባል ነገር እንደሌለበት ሰው ሦስት ሰዓት ላይ ይወጣል። ማስኩን አድርጎ፣ ከእኔ ሁለት ሜትር ርቆ ይቆማል።

ዛሬ ያ ሳል ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የሰርቪሷ ጣራ በአንድ ጥግ ያፈስ ነበር። ጋሽ ፋሲል ለእናቴ ሦስት ጊዜ ነግሯታል፤ ሦስቴም "ክረምቱ ይውጣ" ብላዋለች። ፍራሹ በአንድ በኩል ሻጋታ አውጥቶ ነበር። በሽታው ከእኛው ጣራ ነበር የሚወርድበት ማለት ነው። ያኔ ግን ጣራና ሳልን ማን አገናኝቶ ያስባል? ቴሌቪዥኑ ስለ ጣራ አያወራም።

በዚያው ሰሞን እናቴ ቤይሩት ካለችው ከአክስቴ ከሐዳሳ ጋር ስልክ ላይ ውላ ታድር ጀመር። ሁለቱ የሚያወሩት በሲዳምኛ ነው። እኔ ከተማ ያደግኩ ልጅ ስለሆንኩ ከአሥር ቃል አራቱን ብይዝ ነው። እናቴ ግን በመሃል አማርኛ ትሰነቅራለች፤ "ክፍሉ" ትላለች፣ "አዋጁ" ትላለች፣ "እስከ ነሐሴ እኮ አይቻልም" ትላለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ምስኪን ነው፣ ግን ምን ላድርግ" ትላለች። እኔ እነዚህን ሰብስቤ የራሴን ታሪክ ሠራሁላቸው። ጋሽ ፋሲል ታሟል፤ አዋጁ ደግሞ ከክፍሉ እንዳይወጣ ይከለክለዋል፤ እናቴም ለእሱ ተጨንቃለች። የልጅ ጭንቅላት ያላየውን ለመሙላት ማን ብሎት።

እውነቱ እንዲህ ነው። አክስቴ ሥራ አጥታ ልትመለስ ነበር፤ ማረፊያ አልነበራትም። እናቴ ሰርቪሷን ለእሷ ፈልጋታለች። በዚያን ጊዜ ግን በኮሮናው ምክንያት ተከራይን ከቤት ማስወጣት በአዋጅ ተከልክሎ ነበር። "አይቻልም" ያለችው ይህንን ነው።

ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ክልክል ስለነበር ቸርች ተዘግቶ፣ የቤት ኅብረታችን በየግቢው ተከፋፍሎ ነበር። እሑድ እኛ ቤት የሚመጡት ወንድም ኢዮስያስና ሁለት የሰፈር እኅቶች ናቸው። ከእናቴ ጋር አራት። እኔ ልጅ ነኝ ተብዬ አልቆጠርም። ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮቹን አራርቀን፣ ማስክ አድርገን፣ መዝሙሩን ዝቅ አድርገን እንዘምራለን፤ ዝናቡ የጣራውን ቆርቆሮ ሲመታ ግን ማንም አይሰማንም ብለን ከፍ እናደርገዋለን። ቃሉ ከተካፈለ በኋላ ወንድም ኢዮስያስ ትንሿን ማስታወሻውን ያወጣና "የጸሎት ርዕስ ያለው?" ይላል። አንዷ የልጇን ሥራ ታነሳለች፤ ሌላዋ የእግሯን ሕመም። በሳምንቱ ደግሞ የተመለሰለት ተነሥቶ ይመሰክራል። እኔ አንድም ቀን ርዕስ ኖሮኝ አያውቅም ነበር። አሁን አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ይዤው ስጠብቅ ነው የሰነበትኩት።

እጄን አወጣሁ።

"እሺ ሮሆቦትዬ" አለኝ ወንድም ኢዮስያስ።

"ለጋሽ ፋሲል ጸልዩለት። ኮሮና ይዞታል።"

አንደኛዋ እኅት ከአገጯ በታች የነበረውን ማስክ ወደ አፍንጫዋ ሳበች። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ገለጠችው።

"ማን አለሽ?" አለኝ ወንድም ኢዮስያስ፣ ቀስ ብሎ።

"ያስላል። ንጋት ላይ ሁሌ ያስላል።"

"ትኩሳትስ አለው?"

ግንባሩን ነክቼ አላውቅም። ሁለት ሜትር ነው የሚርቀኝ። ግን ኮሮና ከሆነ ትኩሳት አለው፤ ቴሌቪዥኑ ብሏል። ደግሞ ርዕሱ ትንሽ እንዳይመስል ፈራሁ። "አለው" አልኩ።

ጸለዩለት። እንዲያ ሲጸለይ ሰምቼ አላውቅም። ወንድም ኢዮስያስ እጁን ወደ ጓሮው ዘረጋ፤ እኅቶቹ እያለቀሱ ስሙን ደጋግመው ጠሩት። እኔም አለቀስኩ። ለአንድ ሰው ትልቅ ነገር ያደረግኩ መስሎኝ ሰውነቴ ሁሉ ሞቀ።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ እናቴ ዕቃ እያጠብኩ ሳለ አጠገቤ መጥታ ቆመች። "ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያስለው?" አለችኝ። ነገርኳት። "ሰው መጥቶበት ነበር? ከአዲስ አበባ ምናምን?" አንድ ሰው ወረቀት ሊያደርስ መጥቶ እንደነበር ነገርኳት። ከአዲስ አበባ ይሁን ከመናኸሪያ አላውቅም። "ሳይሆን አይቀርም" አልኳት። እጇን በቀሚሷ ስትጠርግ አስታውሳለሁ፤ እጇ ግን እርጥብ አልነበረም። ለጋሽ ፋሲል ይህን ያህል ታስባለች ብዬ ወደድኳት።

ረቡዕ ጠዋት መኪናው መጣ። ከላይ እስከ ታች ነጭ የለበሱ፣ ፊታቸው በፕላስቲክ የተሸፈነ ሁለት ሰዎች ወረዱ። የሰፈሩ ሰው በየበሩ ቆሟል፤ ማንም ግን ከበሩ አልወጣም። አጥሩ ላይ አባ ኮዳ ከሚባሉት የሐይቁ ትልልቅ ወፎች ሁለቱ አንገታቸውን ቀብረው ቆመዋል፤ ከሰፈሩ ሰው እነሱ ይቀርቡ ነበር።

ጋሽ ፋሲል አልተከራከረም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው። "ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ነው። ለክቼ ልምጣ" አላቸው። ሰዎቹ ተያዩ። አንደኛው "ቶሎ በላ" አለው። ለካ፣ ጻፈ። ከዚያ መለኪያ ብርጭቆውንና አንድ ደብተር ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ አስቀመጠና ወደ ኋላ ራቀ። ትልቁን መዝገብ ከልብሱ ጋር ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

"ሮሆቦት" አለኝ ከሩቅ። "አሥራ አራት ቀን ነው የሚሉት። ሦስት ሰዓት ላይ።"

"እሺ ጋሼ።"

"ያላየሽውን አትጻፊ።"

እናቴን አላያትም። ማን ጠርቷችሁ ነው ብሎም ሰዎቹን አልጠየቀም። መኪናው ሲሄድ እጄን አውለበለብኩለት። ሊያድኑት የወሰዱት መስሎኝ ነበር። እሑድ እጄን በጸሎት አነሳሁ፣ ረቡዕ መልሱ በመኪና መጣ። በሚቀጥለው እሑድ ሳሎኑ ውስጥ ተነሥቼ መሰከርኩ። "ጌታ ሰምቶናል፣ ለጋሽ ፋሲል ሐኪሞች ላከለት" አልኩ። ወንድም ኢዮስያስ መሬት መሬት እያየ "አሜን" አለ። ሌሎቹ አሜን አላሉም። አለማለታቸው ገርሞኝ ነበር።

መኪናው ከግቢው እንደወጣ እናቴ ጓንት አጥልቃ ባልዲ ሙሉ በረኪና በጠበጠች። የሰርቪሷን በር ጠረገች፣ ልብስ ማጠቢያውን ድንጋይ ጠረገች፤ ከዚያ ምሰሶው ላይ የነበረውን ቆርቆሮ ፈትታ አወረደችው።

"እማዬ፣ እሱ አይነሳም" አልኳት።

"የነካው ነገር ሁሉ ይነሳል።"

"ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እኮ ልለካ ነው።"

"ብትነኪው አጠናግርሻለሁ፣ ሮሆቦት። ሳንባሽን ይበላዋል። ሰምተሻል?" ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቆርቆሮውንና ብርጭቆውን ፌስታል ውስጥ ጠቅልላ ሽንት ቤቱ ጀርባ ወረወረችው። ደብተሩን ብቻ፣ እሷ ከመድረሷ በፊት ቀሚሴ ሥር ደብቄው ስለነበር፣ አላገኘችውም።

ሰረዝ ማድረግ እችል ነበር። በየቀኑ አንድ ሰረዝ። የሚያስፈልገው እሱ ብቻ ነበር። ግን ጋሽ ፋሲል ተመልሶ አሥራ አራት ሰረዝ ሲያይ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልተዘለለው በእኔ እጅ ሲዘለል፣ ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ። እና በጆሮዬ ለካሁት። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ዝናቡ የጣራውን ቆርቆሮ ሲመታ አዳምጣለሁ። ሲያንሾካሹክ ካደረ አምስት። ሲያወራ ካደረ አሥራ አምስት። እናቴ ከሳሎን ስትጠራኝ የማልሰማበት ከሆነ ሠላሳ። ከዚያ ከነጥብ በኋላ አንድ ቁጥር እጨምርበታለሁ፤ ነጥብ ያለበትን ቁጥር ሰው እንደሚያምን ከቴሌቪዥኑ ተምሬያለሁ። አንድ ማክሰኞ አርባ ሁለት ነጥብ ስድስት ጻፍኩ። በዚያን ቀን ጎርፉ የጫማ መደርደሪያችንን ይዞ ሄዶ ስለነበር ከዚያ ያነሰ አይሆንም ብዬ ነው።

በዘጠነኛው ቀን አክስቴ ሐዳሳ ሦስት ትልልቅ ሻንጣ ይዛ መጣች። እሷም ከአውሮፕላን ወርዳ የገባችበትን ለይቶ ማቆያ ጨርሳ ነው። ሰርቪሷ ተጠርጋ፣ ጣራዋ ተጠግኖ፣ አዲስ ምንጣፍ ተነጥፎላት ነበር። የጋሽ ፋሲል አልጋና መጻሕፍት በረንዳ ላይ ሸራ ለብሰው ተቀምጠዋል። ለእኔ ነጭ ጫማ አምጥታልኝ ስለነበር፣ በረንዳውን ብዙም ልብ አላልኩትም። ጣራው ስለተሠራለት ጋሽ ፋሲል ሲመጣ ደስ ይለዋል ብዬም አስቤ ነበር። አክስቴ ለጥቂት ቀን እንግድነት የመጣች መስሎኝ።

ጋሽ ፋሲል አሥራ አራቱን ቀን ጨርሶ ባጃጅ ይዞ ነው የመጣው። የበለጠ ከስቷል። ሁለት ጊዜ ተመርምሮ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት በእጁ ይዟል፤ እናቴ በሩ ላይ ስትቆም ወረቀቱን ከሩቅ ዘረጋላት። አልተቀበለችውም።

"ጋሽ ፋሲል፣ እኔ ምን ላድርግ" አለችው። "እህቴ መጣችብኝ። ሰፈሩም አጉረመረመ። እንኳን ለመመለስ፣ ዕቃህ እዚህ መኖሩንም አልወደዱትም።"

"ይገባኛል፣ ወይዘሮ ኤልሳቤጥ" አላት።

የሚያየው እሷን አልነበረም። ሰርቪሷንም አልነበረም። ምሰሶውን ነበር የሚያየው። ምሰሶው ላይ እናቴ የልብስ ገመድ አስራበት፣ የአክስቴ አንሶላ ተሰጥቶበት ነበር። እኔ ሮጥኩ፤ ከደብተሩ ወደ ንጹሕ ወረቀት የገለበጥኩትን አመጣሁለት። አሥራ አራት መስመር፤ ቀኑ በአንድ በኩል፣ ዝናቡ በአንድ በኩል። ከላይ በስክሪብቶ አበባ ሥዬበት ነበር።

ቀስ ብሎ አነበበው። "አርባ ሁለት ነጥብ ስድስት" አለ።

"በጣም ዘንቦ ነበር፣ ጋሼ።"

"በምን ለካሽው?"

"በመለኪያው።"

ምሰሶውን አየ። አንሶላውን አየ። እኔን አየኝ። "ጎበዝ" እስኪለኝ ጠበቅኩ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። "እሺ" አለኝ። ከሰዓት ዕቃውን ጋሪ ላይ ጭኖ ቱላ ወደሚባለው የከተማው ዳርቻ ሄደ። ጎበዝ ስላላለኝ ተቀየምኩት። አዎ፣ እኔ ነኝ የተቀየምኩት። ጋሪው ከመንገዱ ሲታጠፍ አዲሱን ጫማዬን ጭቃ እንዳይነካው እያየሁ ነበር።

አድጌ ነገሩ ሲገባኝ፣ እናቴን አንድ ቀን ጠየቅኳት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችው። "እኔ ነኝ የደወልኩት" አለችኝ። "ፈርቼ ነበር። አንቺን ነበር የፈራሁልሽ። ክፍሉንም ፈልጌው ነበር። የትኛው እንደቀደመ፣ በእግዚአብሔር ፊት እነግርሻለሁ፣ እኔም አላውቀውም።" ከዚያ መክተፏን ቀጠለች። ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ግን የደወለችው በእኔ ቃል ነው። ትኩሳት አለው ያልኳት እኔ። ከአዲስ አበባ ሰው መጥቶበታል ያልኳትም እኔ። እሷ የነገርኳትን ነው የተናገረችው።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ሩቅ አልሄድኩም፣ እዚሁ ሐዋሳ ነው የደረሰኝ። አንደኛ ዓመትን ስጨርስ መምህርት ሀያት የምትባል የውሃ ጥናት አስተማሪ፣ ድሮ በእጅ የተጻፉ የዝናብ መዝገቦችን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥላት ተማሪ ትፈልግ ነበር። ክረምቱን ቤት ከምቀመጥ ብዬ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ለምን እንደሄድኩ አውቀዋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት መደርደሪያው ላይ ያ ሰማያዊ መዝገብ ተገኘ።

እንደማውቀው ነው። የእሱ ቀጫጭን ቁጥሮች፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከመስመር ሳይወጡ። አንዳንዱ ቁጥር ራሴ ተንበርክኬ ያነበብኩት ነው። ሐምሌ ላይ ደረስኩ። አሥራ አራት ሰረዝ። ከአሥራ አራተኛው በታች "ጣቢያው ከቦታው ስለተነሳ መዝገቡ እዚህ ላይ ያበቃል" ይላል። አሥር ወር ቀረኝ ብሎ የቆጠረው አሥር ወር ባዶ ገጽ ነው።

በገጹ መሃል አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ነበር። አበባው ደብዝዟል። ቁጥሮቼ አሉ፤ አርባ ሁለት ነጥብ ስድስትም አለ። በኅዳጉ ላይ፣ በእሱ እጅ፣ ትንንሽ ተደርጎ "በሮሆቦት የተገመተ" ተብሎ ተጽፏል። ዋሸች አላለም። የተገመተ ነው ያለው። እኛ ሥራ ላይ ይህ ቃል ነውር የለበትም፤ ብዙ ሰው የሚሠራው ነገር ነው። ከዋሸሁት ውስጥ ለእኔ ስም የሚሆን ቦታ ፈልጎ አገኘልኝ።

መምህርት ሀያት በትከሻዬ በኩል አየችው። "ይሄ የጎደለው ነው እንዴ? እሰይ፣ እሱን አስገቢውና ይሙላልን" አለች።

"አይሆንም፣ መምህርት" አልኳት። "ይሄ አልተለካም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

አሥራ አራቱን ክፍት ተውኳቸው። አንድ በአንድ እየተጫንኩ ባዶ አለፍኳቸው። ከዚያ እሷን ስለ ጋሽ ፋሲል ጠየቅኳት። ጡረታ ወጥቶ አገሩ ደብረ ታቦር መግባቱን ነገረችኝና ስልኩን ሰጠችኝ። አሥር ቀን ያህል ቁጥሩን ይዤ ዞርኩ። አንድ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ለክቶ ይገባል ብዬ በገመትኩበት ሰዓት፣ ደወልኩለት።

በልጅነቴ አንተ ነበር የምለው። ስልኩ ላይ ግን እርስዎ ወጣኝ። "ጋሽ ፋሲል፣ ሮሆቦት ነኝ። ሐዋሳ፣ የኤልሳቤጥ ልጅ።"

"አደግሽ" አለኝ።

የቁጥሮቹን ነገር ነገርኩት፤ "አውቃለሁ" አለ። ጸሎቱን ነገርኩት። ይህን አያውቅም ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ማን እንዳስወሰደው ሳያውቅ፣ ምናልባትም ሳይጠይቅ ነው የኖረው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት፤ ሳሎኑን፣ እጄን ማውጣቴን፣ ትኩሳት አለው ማለቴን፣ መመስከሬን። የቀረኝ ይቅርታ ማለት ብቻ ነበር። በስልኩ ውስጥ ሩቅ ቦታ ዶሮ ይጮኻል።

"አንቺ ያየሽው ምን ነበር?" አለኝ በመጨረሻ። አልተቆጣም። ብርጭቆውን ይዞ ቁጥር እንደሚጠይቀኝ አድርጎ ነው የጠየቀኝ።

"ሳል" አልኩት።

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም አላየሁም።"

"እንግዲህ ሳል ብትዪ ኖሮ" አለኝ፣ "እነሱም ለሳል ይጸልዩልኝ ነበር።"

ከዚያ ጤንነቴን ጠየቀኝ፣ ትምህርት እንዴት ነው አለኝ፣ እናቴንም ሰላም በይልኝ አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወደ ግቢው ወጣሁ። የአክስቴ ልብስ ምሰሶው ላይ ተሰጥቷል፤ ሌሊቱን ዘንቦበት ውሃው ይንጠባጠባል። ስንት እንደዘነበ አላውቅም።